ሌባው ሰዓቱ ነበር



ዛሬ የማካፍላችሁ የራሴን ጥፋት ነው። ኮድ ለምትጽፉም ሆነ ሪፖርት ለምታነቡ ይጠቅማችኋል ኢንሻአላህ።

ለአንድ ምግብ ቤት የሽያጭ ሲስተም ሠርቼ ነበር። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ነው። እያንዳንዱ ሽያጭ ከነሰዓቱ ይመዘገባል። ጠዋት ባለቤቱ ሲከፍቱት የትናንቱን ሽያጭ ደምሮ ያሳያቸዋል። ለወራት አንድ ብር እንኳ አልተዛነፈም።

ረመዳን ገባ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ይዘጋ የነበረው ቤት ለሱሁር እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት መሥራት ጀመረ። የማታው ካሸር ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ገንዘቡን ቆጥሮ ያስረክባል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የሌሊቱ ካሸር ነው።

በመጀመሪያው ሱሁር ማግስት ሐጂ ደወሉልኝ።

"ልጄ፣ የትናንቱ ሂሳብ 6,200 ብር ይጎድላል። ሲስተሙ ልክ ነው አይደል?"

"ሐጂ፣ ኮምፒውተር አይሳሳትም" አልኳቸው። ሳላጣራ። በዚያች ቃል የማታው ልጅ ከሥራው ታገደ።

ከሁለት ቀን በኋላ ከተራዊሕ ስንወጣ አገኘሁት። "ወላሂ አንዲት ሳንቲም አልነካሁም" ብሎኝ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ላፕቶፔን ከፍቼ የዚያን ቀን ሽያጭ መስመር በመስመር አየሁት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ50 የተሸጠ ምግብ በ"ትናንት" ውስጥ ተቆጥሯል!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰርቨሩ የሚሠራው በዩቲሲ ሰዓት ነው። ኢትዮጵያ ከዩቲሲ 3 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ እኛ ጋ እኩለ ሌሊት ሲሆን እሱ ዘንድ ገና 21:00 ነው፤ ቀኑ የሚቀየረው ለእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። ከሌሊቱ 6 እስከ 9 የተሸጠው ሁሉ ወደ ትናንት ሄደ። ድሮ በዚያ ሰዓት ሽያጭ ስላልነበረ ስህተቱ ተኝቶ ነበር። የእነዚያን ሦስት ሰዓታት ሽያጭ ስደምረው 6,200 ብር መጣ። ገንዘቡ በሌሊቱ ካሸር ሂሳብ ውስጥ ተቀምጧል።

ማስተካከያው አንድ መስመር ነበር፦ ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት ሰዓቱን ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ቀይሩት። ሁለት ነገር ልጨምር። የቀንን መጨረሻ "23:59:59" ብላችሁ አትጻፉ፤ "ከዛሬ መጀመሪያ ጀምሮ፣ ከነገ መጀመሪያ በፊት" በሉት፤ አለዚያ በመጨረሻዋ ሰከንድ ውስጥ የገባ ሽያጭ ያመልጣችኋል። አንድ ወር መደመርና 30 ቀን መደመርም አንድ አይደለም፤ ፖስትግሬስ በጃንዋሪ 31 ላይ አንድ ወር ሲደምር ወደ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ይወስዳችኋል። የብድር ቀጠሮ ለምታሰሉ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሁሉ በፊት ግን ባለቤቱን "ለእርስዎ ቀን የሚጀምረው ስንት ሰዓት ላይ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። እኛ አዲሱን ቀን ከመግሪብ እንቆጥራለን፤ ሰዓታችን ንጋት ላይ ይጀምራል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ከእኩለ ሌሊት። እኔ ይህን አልጠየቅኩም ነበር።

በማግስቱ ሐጂ ዘንድ ሄጄ በሠራተኞቹ ፊት ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናገርኩ። ሐጂ ልጁን አስጠርተው አፉ በሉኝ አሉት፤ ወደ ሥራውም ተመለሰ፣ አልሐምዱሊላህ። ኩዌሪውን በአምስት ደቂቃ አስተካከልኩት። እነዚያን ሌባ ተብሎ የዋለባቸውን ቀናት ግን በምን ኮድ አስተካክላቸዋለሁ?

ወንድሜ፣ እህቴ፤ "ሲስተሙ እንዲህ ይላል" ብላችሁ ሰው ከመጠርጠራችሁ በፊት ሲስተሙን ጠርጥሩ።

ወሰላሙ ዐለይኩም።