አድማ ስንመታ ማንም ያልነገረን ጉድ

አንባብያን ሆይ! አድማ ሲባል ጭብጨባና መፈክር ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ ይቺን የእኔን ጉድ ስሙኝ።

ተወልጄ ያደግሁት ዲማ ነው፤ ጎጃም፣ የቅኔዋ ዲማ ጊዮርጊስ። በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ አንድ የግል ፋብሪካ ስሠራ የደመወዝ ድርድሩ ከሸፈና ማኅበራችን ሥራ ለማቆም ወሰነ። ባልደረቦቼ «አንተማ የአበጀ በለው አገር ልጅ ነህ!» እያሉ ከፊት አሰለፉኝ። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ገበሬውን ይዞ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የተነሣውን ማለታቸው ነው። እኔም ተኮፈስኩ።

በሕጉ በኩል እንከን አልነበረብንም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከአባላቱ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ በአብላጫ ድምፅ ይወሰን ይላል፤ ለአሠሪውና ለመንግሥትም የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ዝም ብሎ በስማ በለው መቅረት ጣጣው ብዙ ነው። (ሆስፒታል፣ መብራት፣ ውኃና ቴሌ የምትሠሩ፣ እናንተን አዋጁ ለብቻ ለይቷችኋልና ቀድማችሁ ጠይቁ።)

ያልተዘጋጀነው ለቤታችን ነው። አንድ አዛውንት ባልደረባችን የ1966ቱን ያወራሉ፤ የካቲት 28 የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር አገር አቀፍ አድማ ጠርቶ በአራት ቀን መንግሥትን ለድርድር አንበረከከ እያሉ። እኛም አራት ቀን ብለን ገባንበት።

በሦስተኛው ቀን ማታ ማታ ስልክ መደወል ጀመረ። «አንተኮ ጎበዝ ሠራተኛ ነህ፤ ከነዚህ ጋር ምን አገናኘህ?» ለእኔ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ለሁላችንም ነው! በአምስተኛው ቀን ሊቀመንበሩ ጉቦ በላ ተባለ። ማን እንዳወራው እስከ ዛሬ አይታወቅም። በስድስተኛው አከራዬ በሬን አንኳኩ፣ ዕቁቤም ደረሰ። እናቴ ደግሞ ከዲማ ደውላ «ልጄ፣ መንግሥት ላይ ነው እንዴ የተነሣችሁት?» አለችኝ። እስኪ ምን ብዬ ላስረዳት?

በስምንተኛው ቀን አብሮኝ በአንድ ማሽን የሚሠራው ጓደኛዬ በጓሮ በር ሲገባ አየሁት። ሰው ሁሉ እየሰማ «ባንዳ!» አልኩት። ደግነቱ እጄን አላነሣሁም፤ ኃይልና ዛቻ የታከለበትን አድማ ሕጉም ይከለክላል። እሱ ግን ዞሮ እንኳን አላየኝም።

በ11ኛው ቀን ተስማማን። ከጠየቅነው ግማሹን አገኘን፤ ያልሠራንበት ቀን ግን አልተከፈለንም። ሚስቱ በዚያው ሳምንት በቀዶ ጥገና መውለዷን፣ እሱም ስልኩን ሸጦ መጨረሱን የሰማሁት ከዚያ ወዲያ ነው። ማኅበሩ ሣጥን ውስጥ ገንዘብ ነበር። ማን ምን ጨንቆታል ብሎ የጠየቀ የለም፤ ከፊት የተሰለፍኩት እኔም አልጠየቅሁም።

ስለዚህ እጅ ከማውጣታችሁ በፊት የአንድ ወር ሽሮና የቤት ኪራይ ያዙ፤ አከራያችሁንም አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ማኅበሩ ማን ነፍሰ ጡር ሚስት፣ ማን በሽተኛ እንዳለው መዝግቦ ከእነሱ ይጀምር።

እናቴ በአውቶቡስ አንድ ማዳበሪያ ጤፍ ላከችልኝ። ግማሹን ተሸክሜ ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ ሕፃኑን እንዳቀፈች «እግዜር ይስጥልን» ብላ ተቀበለችኝ። የእሱ ጫማ በር ላይ ነበር፤ እሱ ግን አልወጣም።