ስለ ጽንስ አስቀድሞ ማሰብ

ጉዳት ሳይደርስ መጠበቅ ታላቅ ጥበብ መሆኑን የመንዝ አባቶች በጓሳው ሣር አሳይተውናል። ከ17ኛው መቶ ዓመት አንሥቶ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ድረስ በጸናው የቄሮ ሥርዓት፣ ጓሳው ለዓመታት እየተዘጋ፣ ሣሩ እስኪደርስ ማጭድም ከብትም አይገባበትም ነበር። ሣሩ ካለቀ በኋላ ጠባቂ ማቆም ምን ይረባል? የጽንስም ነገር እንደዚሁ ነው።

በፍርድ ቤት ጸሐፊነቴ ከሰማኋቸው ክርክሮች ይልቁን ያሳዘነኝ የአንድ ባልና ሚስት ጉዳይ ነው። ሕፃናቸው ጀርባው ክፍት ሆኖ ተወልዶ በጥቂት ቀን ዐረፈ። የባል ወገን «ከዘርዋ ነው»፣ የሚስት ወገን «በእርሱ ኃጢአት ነው» እያለ፣ ሳይጣሉ በሰው አፍ ተለያዩ። ሴቲቱም አንገትዋን ደፍታ «ጌታዬ፣ ምን በድዬ ይሆን?» ስትል ጠየቀችኝ።

ለዚህ ጥያቄ ወንጌልም ሕክምናም መልስ አላቸው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው በተጠየቀ ጊዜ፣ ጌታችን በደሉን ከእርሱም ከወላጆቹም ላይ አንሥቷል። ሐኪሞችም እንደሚያስረዱት፣ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሆነው ክፍል ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ይዘጋል፤ በዚያን ጊዜ ፎሊክ አሲድ የተባለው ቪታሚን ቢጎድል ሳይዘጋ ሊቀር ይችላል። በእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ጉባኤ መሪነት በ7 አገሮች ተደርጎ በ1983 ዓ.ም. በታተመው ጥናት፣ አስቀድሞ እንዲህ ያለ ጽንስ የነበራቸው እናቶች ቪታሚኑን ከመፀነሳቸው በፊት ጀምረው ሲወስዱ ጉዳቱ ከመቶ 72 እጅ ቀንሷል።

ነገር ግን 28ቱ ቀን ሲፈጸም ብዙ ሴቶች መፀነሳቸውን ገና አላወቁም፤ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄዱትም ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። መንግሥት በ2003 ዓ.ም. ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የፋብሪካ የስንዴ ዱቄት ፎሊክ አሲድ እንዲኖረው ደንግጓል። ጨውን ባላገሩ ከገበያ ስለሚገዛ፣ የጽንስን አእምሮ የሚጠብቀው አዮዲን ሊደርሰው ይችላል። የጓሳ ዙሪያ ሰው ግን ያመረተውን ገብስ አስፈጭቶ ስለሚበላ፣ የፋብሪካው ዱቄት ከማዕዱ አይደርስም። እንግዲህ ሊደርሰው የሚገባው ትምህርት ነው።

ምክሩም አጭር ነው። ለመውለድ የምታስብ ሴት ከመፀንስዋ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጀምራ እስከ ሦስተኛው ወር ፍጻሜ በየቀኑ 0.4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ትውሰድ። ጎመን፣ ባቄላና ምስር ይረዳሉ፤ ብቻቸውን ግን አይበቁም። እንዲህ ያለ ሕፃን የወለደች እናት መጠኑ ስለሚበልጥላት አስቀድማ ሐኪም ትጠይቅ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድም መድኃኒትዋን በራስዋ ሳታቋርጥ እንዲሁ ታድርግ። ይህ ሁሉ ተደርጎ እንኳ የሚደርስ ጉዳት ስላለ፣ ማንም እናትን አይውቀስ።

የተከበራችሁ አንባብያን ሆይ፤ ለጋብቻ ሽማግሌ ሆናችሁ ስትቀመጡ ስለ ጥሎሽ ብዙ ትነጋገራላችሁ። ከዚያው ሰዓት ጥቂቱን ለዚህ ምክር አውሉት፤ የነፍስ አባትም ይናገሩት፤ ሙሽራውም ከሙሽራይቱ ጋር ይስማው።