ታላቅ ሰው በምን ይታሰባል?

የሞተ ሰው ስሙ የሚነሣው በሁለት መንገድ ነው፤ አንደኛው በአፍ፥ ሁለተኛው በሥራ። በአፍ ማንሣት ቀላል ነው፤ በሥራ ማንሣት ግን ወገብ ያጎብጣል። ይህን የተረዳሁት ባለፈው ሐምሌ እዚህ መቱ፥ በማኅበረ ምእመናናችን የቄስ ጉዲና ቱምሳ መታሰቢያ በተደረገ ጊዜ ስለ ሆነ፥ ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ ላካፍላችሁ ወደድሁ።

ቄስ ጉዲና በ1921 ዓ.ም. በወለጋ፥ በቦጂ ተወለዱ። በነቀምቴ በመጀመሪያ በሆስፒታል፥ ኋላም በቄስነት አገለገሉ። ከ1956 እስከ 1958 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፥ በሚኒሶታ ነገረ መለኮት ተማሩ። ያ ዘመን ጥቁሮች በዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ መሪነት፥ ያለ ጦር መሣሪያ ለመብታቸው የሚታገሉበት ዘመን ነበር። ዶክተር ኪንግም ቄስ ነበሩ፤ በመጋቢት ወር 1960 ዓ.ም. በጥይት ተገደሉ።

ቄስ ጉዲና ወደ አገራቸው ተመልሰው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ሆኑ። በ1964 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱ ለውጭ አገር ረጂዎች በላከችው ደብዳቤ፥ የሰው ነፍሱና ሥጋው አንድ ስለ ሆነ ስብከትና ልማት አይነጣጠሉም ስትል አስረዳች። በደርግ ዘመን ወዳጆቻቸው ከአገር እንዲወጡ ቢለምኗቸው፥ ሕዝባቸውን ትተው ለመሄድ እምቢ አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፥ ከዑራኤል መካነ ኢየሱስ ጉባኤ ሲወጡ ተይዘው ተገደሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ብዙ ዓመት ታሰሩ። አጽማቸው ተገኝቶ በክብር የተቀበረው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። በዚያው በ1971 ክረምት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም መገደላቸውን ልብ ይሏል።

እኛ ወጣቶች ለመታሰቢያው ቀን ያሰብነው መዝሙር ነበር። ለመዘምራን አዲስ ልብስ መግዣ ገንዘብ አጠራቅመናል። ነገር ግን አንድ ሽማግሌ አባታችን ተነሥተው፥ «ልጆቼ፥ መዝሙራችሁ ደስ ይላል፤ የራበው ሰው ግን መዝሙር አይበላም» አሉን። ከያዮ፥ ከቡሬና ከሩቅ ቀበሌዎች ሕሙማን ይዘው መጥተው፥ በዝናብ በየበረንዳው የሚያድሩትን አስታማሚዎች አስታወሱን።

ክርክሩ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ግማሾቹ፥ «ገንዘቡ የተዋጣው ለልብስ ነው» አሉ። ሌሎቹም፥ «የምናስባቸው ሰው ቢኖሩ ምን ያደርጉ ነበር?» ብለው ጠየቁ። ለዚህ መልስ የሰጠ አልተገኘም። በመጨረሻ ልብሱ ቀረ፤ ጤፍ፥ ሽሮና ሳሙና ተገዛ። ክረምት ነውና ደረቅ እንጨት ከየቤታችን አመጣን። ሴቶቹም ወንዶቹም በተራ ወጥ ሠራን፤ ልብስ አጠብን። ከኛ ሁለት ልጆች ተቆጥተው ቀሩ።

ከተመጋቢዎቹ አንዲት እናት፥ ሙስሊም ናቸው፥ በኦሮምኛ «የማን ልጆች ናችሁ?» ብለው ጠየቁን። የቤተ ክርስቲያን ልጆች መሆናችንን ብንነግራቸው እጃቸውን ዘርግተው እንድናድግ፥ ወላጆቻችንን እንድንጦር መረቁን። ከቆጡት አንዱ ይህን ከሰማ በኋላ በሦስተኛው ቀን እንጨት ተሸክሞ መጣ።

ውድ ጓደኞቼ፥ እኛ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሁልጊዜ የምናወራው ከፈተና በኋላ ከኢሉባቦር ስለ መውጣት ነው። ወንድሜም ከአዲስ አበባ «ቶሎ ና» ይለኛል። ለመማር መሄድ ነውር አይደለም፤ ቄስ ጉዲናም ባሕር ተሻግረዋል። ነገር ግን ተመልሰዋል፤ መሸሽ በተቻላቸውም ቀን አልሸሹም። እኔም ሐኪም ለመሆን እመኛለሁ። እግዚአብሔር ከፈቀደ፥ ተምሬ የምመለሰው ወደነዚያ በረንዳዎች እንዲሆን አስቤአለሁ። እናንተስ ወዴት ትመለሳላችሁ?