ሳንበተን የመቆየታችን ነገር

አክስቴ ከዱባይ የተላከላትን የኮላጅን ዱቄት ጠዋት ጠዋት በውሃ እየበጠበጠች ትጠጣለች። አንድ ቀን «አንተ ተማርኩ የምትል፣ ይኼ ነገር ከሆዴ ተነሥቶ ፊቴ ላይ በየት በኩል ነው የሚደርሰው?» ብላ ያዘችኝ። ሆድ ኮላጅንን ከጥብስ ለይቶ እንደማያከብር፣ ሁሉንም ሰባብሮ ወደ ደም እንደሚልክ፣ ከዚያ ወዲያ «ለጉንጭ ይድረስ» የሚል አድራሻ እንደሌለው ነገርኳት። አኮረፈች። ጣሳው ውድ ነው። እኔን ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ሐሳብ አልለቅ አለኝ፤ ሰው ማለት በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን ሕዋሳት ስብስብ ከሆነ፣ ጠዋት ስንነሣ ግማሻችን አንሶላው ላይ የማይቀረው ለምንድን ነው?

ይህን ነገር በወንፊት የሞከረው ሰው አለ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ቁጠሩልኝ።) በ1907 ሄንሪ ቫን ፒተርስ ዊልሰን የተባለ የኖርዝ ካሮላይና መምህር ከባሕር የወጣ ስፖንጅ ቆራረጠ፤ ዕቃ የምናጥብበትን ሳይሆን፣ እስትንፋስ ያለውን እንስሳ። ቁርጥራጩን ዱቄት በሚነፋበት የሐር ጨርቅ ጠቅልሎ ባሕር ውሃ ውስጥ ጨመቀው። በጨርቁ ቀዳዳ ያለፉት ሕዋሳት አንድ አንድ እየሆኑ ተበትነው ሥር ረጉ። እኔ ብሆን ሞቷል ብዬ እደፋው ነበር። ዊልሰን ጠበቀ። ሕዋሳቱ እየተሳቡ ተገናኙ፣ ተጣበቁ፣ ውለው አድረው እንደገና ስፖንጅ ሆኑ። ሰብሳቢ አልነበራቸውም፤ ቃለ ጉባኤም አልተያዘም።

ከናዚ ጀርመን የተሰደደው ዮሐንስ ሆልትፍሬተር ደግሞ ነገሩን አንድ እርምጃ ገፋው። በ1955 ከፊሊፕ ታውንስ ጋር ባሳተመው ጥናት፣ ከእንቁራሪት ወገን የሆኑ እንስሳትን ጽንስ ሕዋሳት ነጣጥለው ደባለቋቸው። ቆዳ የሚሆኑት ወደ ውጭ ወጡ፤ ነርቭ የሚሆኑት ወደ ውስጥ ገቡ። ወገን ወገኑን ለየ።

በምን ተለያዩ? ለዚህ መልስ የሚሰጠውን በር የከፈተው፣ ነገሩን ሳስበው እስካሁን የሚያስቀኝ፣ የጠርሙስ ልዩነት ነው። ጃፓናዊው ተመራማሪ ማሳቶሺ ታኬይቺ ኪዮቶ ሳለ ሕዋሳትን ትሪፕሲን በሚባል ኢንዛይም ይነጣጥላል፤ ከዚያ በፈሳሽ ውስጥ ሲያንቀሳቅሳቸው መልሰው ይጣበቁለታል። በ1970ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ፣ ባልቲሞር ሄዶ ያንኑ ሥራ ሲደግመው እምቢ አሉት። አልጣበቅም ያለ ሕዋስ ምክንያቱን አይናገርም። ታኬይቺ ግን የአሜሪካኑ ትሪፕሲን ውስጥ ኢዲቲኤ የተባለ ኬሚካል መኖሩን ደረሰበት፤ ይህ ኬሚካል ካልሲየም እየለቀመ የሚያስር ነው። ለካ ካልሲየም ባለበት አንድ የማጣበቂያ ፕሮቲን ከትሪፕሲን ጥርስ ይተርፋል፤ ካልሲየም ሲወሰድ ግን ተቆርጦ ይበላል። ግኝቱን በ1977 አሳተመ፤ ፕሮቲኑንም በ1984 ካድሄሪን አለው። ካድሄሪን ከሕዋሱ ገጽ ወደ ውጭ ይዘረጋል፤ ካልሲየም ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፤ ከጎረቤቱ ላይ የራሱን ዓይነት ሲያገኝ ይያዛል። የቆዳው ዓይነት ከቆዳው፣ የነርቩ ከነርቩ። ሆልትፍሬተር ያየው መለያየት አንዱ ምሥጢር ይኸው ነው። ካድሄሪን በውስጥ በኩልም ዝም ብሎ አልተንጠለጠለም፤ ከሕዋሱ የራሱ አውታር ጋር ታስሯል።

ይህ ሁሉ ሕዋስ ከሕዋስ ነው። ከሰውነታችን ቀላል የማይባለው ክፍል ግን በሕዋሳት መካከል ባለ፣ ራሳቸው ሕዋሳቱ በሠሩት ነገር የተሞላ ነው። የጭቃ ቤት ግድግዳ ያየ ሰው ይገባዋል፤ ውሃ የቋጠረው ዝልግልግ ጭቃው ነው፣ ኮላጅን ደግሞ ጭዱ። ከሰውነታችን ፕሮቲን ሁሉ ሲሶው ገደማ ኮላጅን ነው። ሕዋሱ ይህን ግድግዳ የሚጨብጠው በካድሄሪን አይደለም፤ ኢንቴግሪን የሚባል ሌላ እጅ አለው። ስሙን በ1986 ካወጡለት ሰዎች አንዱ ናይሮቢ የተወለደው ሪቻርድ ሃይንስ ነው። ኢንቴግሪን ከመያዝ በላይ ወሬ ያመላልሳል፤ ብዙ ዓይነት ሕዋስ የሚጨብጠው ሲያጣ ራሱን ይገድላል። መጨበጫ ሳይኖረው መኖር የለመደ ሕዋስ ሲገኝ ነው ሐኪም የሚደነግጠው፤ የካንሰር መዛመት አንዱ መንገድ ይህ ነውና።

ኮላጅን ሲጎድል ምን እንደሚሆን ለማየት፣ አሁን ወደ መርከብ ልውሰዳችሁ። በ1741 የእንግሊዙ ኮሞዶር አንሰን መርከቦች የደቡብ አሜሪካን ጫፍ ሲዞሩ፣ መርከበኞቹ ስከርቪ በሚባል በሽታ ያልቁ ነበር። ከመሃላቸው አንድ ሽማግሌ ነበር፤ በ1690 አየርላንድ ውስጥ በቦይን ጦርነት የቆሰለ። ቁስሉ ድኖ ከሃምሳ ዓመት በላይ ኖሯል። መርከቡ ላይ ግን ጠባሳው ተከፈተ፤ ጨርሶ ያልዳነ ቁስል መሰለ። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ጉልበቴ ላይ ያለውን የኳስ ሜዳ ጠባሳ በጥርጣሬ ነው የማየው።

ምክንያቱ ሎሚ ማጣት ነው። ኮላጅን ሦስት ክር ተገምዶ የሚሠራ ነው፤ ግምዱ እንዲጠብቅ ክሮቹን የሚያሰናዱት ኢንዛይሞች ያለ ቫይታሚን ሲ አይሠሩም። ፍየል ቫይታሚኑን ራሷ ትሠራዋለች፤ እኛ ግን ከምግብ መለመን አለብን። ከሁሉ የሚገርመኝ ጠባሳ ያለቀ ሥራ አለመሆኑ ነው። አሮጌው ኮላጅን እየፈረሰ አዲሱ ይተካል፤ ማፍረሱ ቀጥሎ መተካቱ ሲቆም የ1690 ቁስል በ1741 ይደማል። የመርከብ ሐኪሙ ጄምስ ሊንድ በ1747 አሥራ ሁለት በሽተኛ መርከበኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ መድኃኒት ሲያወዳድር ብርቱካንና ሎሚ የደረሳቸው ቶሎ አገገሙ። ስለ ኮላጅን የሚያውቀው ግን አልነበረም።

ታዲያ ይህ ሁሉ መያዣ የት ተጀመረ? እንስሳ ሲፈጠር፣ አብሮ መኖር ሲያስፈልግ ነው የሚል ግምት ነበረኝ፤ የሆነው ግን ሌላ ነው። ካፕሳስፖራ የሚባል ባለ አንድ ሕዋስ ፍጡር አለ፤ የሚኖረው ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ በእንዶድ ከተዋጉት የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣ ወገን በሆነ፣ የአሜሪካ አህጉር ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። በ2010 ኢንቴግሪን ተገኘበት። የእንስሳት ሁሉ የቅርብ ዘመድ የሆነው ቾአኖፍላጄሌትም ባለ አንድ ሕዋስ ነው፤ በ2008 አንዱ ዝርያው ሃያ ሦስት የካድሄሪን ጂን ይዞ ተገኘ። ይህ ዝርያ ብቻውን የሚዋኝ ነው፤ ማንን ሊይዝበት? አንዳንዶቹ ካድሄሪኖች የታዩት ባክቴሪያ አጥምዶ በሚበላበት አንገትጌው ላይ ነውና፣ ምግብ መያዣ ይሆናል ብለው የገመቱ ተመራማሪዎች አሉ። እውነት ከሆነ፣ ጎረቤት መያዝ የመጣው ከምሳ በኋላ ነው።