ወንጂ ያልገባበት ሆላንድ

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ስኺፕሆል ደረሰች። «አባዬ፣ ቆሜ ያለሁት ከባሕር በታች ነው!» አለችኝ በስልክ። እውነቷን ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ያለበት መሬት በፈረንጆቹ 1852 ውሃው ተመጥጦ እስኪያልቅ ድረስ ሐይቅ ነበር፤ ዛሬም ከባሕር ወለል ከ3 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። እኛ አዲስ አበባ ኃይሌ ጋርመንት የምንኖረው ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ልጄ የታሪክ ተማሪ ናት፤ አጭር የክረምት ትምህርት አግኝታ የሆላንዶችን ባህልና ታሪክ ልታጠና ሌይደን ገባች። ዩኒቨርሲቲው ከ1575 ጀምሮ ያለ ነው። ጂኦግራፊ ሳስተምር በካርታ የማሳየውን አገር እሷ በእግሯ ልትረግጠው ነው።

ዓርብ፣ ሐምሌ 12

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ወደ አትክልት ገበያው የሚወስደው መንገድ ጠዋት ወንዝ ሆነ። ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ መሃል ላይ ቆሞ፣ ጫኝና አውራጆቹ ጆንያውን በትከሻቸው አሻገሩት።

ማታ ይህን ለልጄ ስነግራት የእሷም የዕለቱ ትምህርት ስለ ውሃ ኖሯል። የኔዘርላንድስ ሩብ ያህሉ መሬት ከባሕር ወለል በታች ነው። ግድቡንና ቦዩን የሚያስተዳድሩት የውሃ ምክር ቤቶች ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የነበሩ ናቸው፤ ከዛሬው ንጉሣዊ መንግሥት ይቀድማሉ። ዛሬም 21 ምክር ቤቶች አሉ፤ ነዋሪው ይመርጣቸዋል፣ የራሳቸውን ግብር ይሰበስባሉ። የጎረቤት ግድብ ከተናደ የራስም እርሻ ይሰጥማል፤ ስለዚህ የተጣላውም የታረቀውም አብሮ ይቆፍራል። እኛ ሆላንድን የምናውቃት በነፋስ ወፍጮዋ ነው። ከወፍጮው ይልቅ ልንማረው የሚገባን ይህን መሰባሰብ ነው ባይ ነኝ። እድር አለን፤ ለሐዘን ድንኳን የሚተክል ጉልበት ክረምት ሳይገባ ቦይ መጥረግ አያቅተውም። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ አነሳዋለሁ።

ግድቡም ያሸነፋቸው ጊዜ አለ። በፈረንጆቹ 1953 ፌብሩዋሪ መባቻ ላይ ባሕሩ በሌሊት ጥሶ ገብቶ 1,836 ሰው ገደለ። ከዚያ በኋላ ነው በባሕር በሮቻቸው ላይ ለአሥርት ዓመታት ግድብ የገነቡት።

እሑድ፣ ሐምሌ 21

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሼ ቤት ቡና ጠጣሁ። ጎረቤቴ ናቸው፣ ሰማንያን አልፈዋል፤ በጎልማሳነታቸው ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ማሽን ክፍል ሠርተዋል። ልጄ ሆላንድ መሄዷን ስነግራቸው፣ «ሆላንዶች ማለት የእኔ አለቆች ናቸው እኮ!» አሉኝ።

የወንጂን ፋብሪካ ያቋቋመው ኤች ቪ ኤ በፈረንጆቹ 1879 አምስተርዳም የተመሠረተ ኩባንያ ነው። ሀብቱ የኢንዶኔዥያ የሸንኮራና የሌላ ተክል እርሻ ነበር። አገሪቱ ነፃ ስትወጣ የኩባንያው ዕድሜ እዚያ እንደሚያጥር ታወቀ፤ በ1951 ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ተዋውሎ ወደ አዋሽ ሸለቆ መጣ፤ በ1954 ወንጂ የመጀመሪያውን ስኳር አወጣ። ሸዋ ፋብሪካ በ1962 ተከተለ፣ ከዚያ መተሐራ። በእኛ 1967 ዓ.ም. ደርግ ወረሰው። ለሸንኮራው መሬታቸውን የለቀቁት የጂሌ ኦሮሞ አርብቶ አደሮች ናቸው፤ ከከምባታና ከሐዲያ ብዙ ሰው ለሥራ ወረደ።

«የእነሱ ሰፈር ለብቻው ነበር፤ ክለብ አለው፣ መዋኛ አለው» አሉ ጋሼ። ትንሽ ቆይተው፣ «ሙያ ግን አስተምረውኛል፤ በዚያ ሙያ ነው ልጆቼን ያሳደግሁት።» ሁለቱንም በእኩል ድምፅ ነው የተናገሩት።

እኔ የማልረሳው ውሃውን ነው። የስምጥ ሸለቆው የጉድጓድ ውሃ ከእሳተ ገሞራው ዓለት ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። የወንጂ ሠራተኞችና ልጆቻቸው ሲጠጡት ኖረው ጥርሳቸው ቡናማ ሆነ፤ የብዙዎቹ አጥንትና አከርካሪ ደነደነ። ሐኪሞች መዝግበውታል፤ ኋላም ማጣሪያ ተተክሏል።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 23

የብር ምንዛሬ መለወጡ ትናንት ሰፈሩን አስጨንቆት ዋለ፤ እኔም ለልጄ ሳስብ አደርኩ። እሷ ግን ሌላ ነገር ይዛለች። ክፍል ውስጥ ስለ ባሪያ ንግድ ተወያዩ፤ የሆላንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር በ2022፣ ንጉሡ በ2023 ይቅርታ የጠየቁበትን። ኢንዶኔዥያም ተነሳ። «ወንጂስ?» ብዬ ጠየቅኳት። «ማንም አላነሳውም፣ አባዬ።» «አንቺ አንሺዋ!» አልኳት። ቅኝ አልተገዛንም ማለት ከታሪካቸው ውጭ ነን ማለት አይደለም። የኩባንያው መዝገብ ሄግ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ አለ።

እሑድ፣ ነሐሴ 5

የፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን። የእኛዋ ትዕግሥት አሰፋ እና ለሆላንድ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን መጨረሻው ላይ ትከሻ ለትከሻ ተገፋፍተው፣ ሲፋን በ3 ሰከንድ ቀደመች፤ 2:22:55። አዳማ ተወልዳ በ15 ዓመቷ በስደት የሄደች ልጅ ናት፤ የተወለደችበት ከተማ ከወንጂ አጠገብ ነው። ሌይደን ጓደኞቿ ሲጨፍሩ ልጄ ደወለችልኝ፤ «አባዬ፣ አለቀስኩ፤ ለየትኛዋ እንደሆነ አላውቅም» አለች። እኔም አልቅሼ ነበር፤ ለሁለቱም።

ዓርብ፣ ነሐሴ 10

ተመለሰች። የማጠቃለያ ጽሑፏን ያቀረበችው ስለ ወንጂ ነው። አንዲት ሆላንዳዊት አብራት የተማረች ልጅ ስለዚህ ሰምታ እንደማታውቅ ነግራት፣ ሌላ ምን እንደምታነብ ጠይቃታለች። አሁን የጋሼን ድምፅ መቅዳት ትፈልጋለች፤ በዚያ ዘመን የሠሩት እያለቁ ነው። ፍልሰታ ሲፈታ ሦስታችን ወንጂ እንሄዳለን። ጋሼ አንድ ነገር ብቻ አሳስበዋል፦ መጀመሪያ የሠራተኞቹ ካምፕ፣ ክለቡ በኋላ።