በውሃ በኩል ወደ ጋምቤላ

ከደጋ ወርዶ ጋምቤላን የሚያይ ሰው የሀገር ዳርቻ የደረሰ ይመስለዋል። ከጎሬ ተነሥቶ በቡሬ በኩል ቁልቁለቱን ሲወርድ ብርዱ በኋላው ይቀራል፤ ሙቀቱ ወጥቶ ይቀበለዋል፤ ሜዳውም እስከ ሰማይ ዳር ተዘርግቶ ሲታየው «ከዚህ ወዲያ ምን አለ?» ብሎ በልቡ ይጠይቃል። እኔም ሁለት ጊዜ በዚሁ መንገድ ወርጃለሁ። በሦስተኛው ግን ከኢታንግ ተሳፍሬ በጀልባ ገባሁ። በውሃ ለሚመጣ እንግዳ ከተማዪቱ ዳርቻ ሳትሆን ደጅ ሆና ትታያለች፤ ስለዚህ ደጅም ለአንባቢ ጥቂት ነገር ማሳሰብ ወደድሁ።

ደጁ የተከፈተበትን ምክንያት ብዙ ሰው ዘንግቶታል። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ ስለ ሱዳን ወሰን ሲዋዋሉ፥ በውሉ አራተኛ ክፍል በባሮ ወንዝ ዳር በኢታንግ አጠገብ ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ ለሱዳን መንግሥት በኪራይ እንዲሰጥ ፈቀዱ። ቦታው በወንዙ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፥ ስፋቱም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ፥ ደግሞም ለፖለቲካና ለጦር ሥራ እንዳይውል ተጽፎ ነበረ። ኋላም ጣቢያው ከኢታንግ ሽቅብ ከፍ ብሎ በጋምቤላ ተመሠረተ።

አኙዋኮች ኦፔኖ የሚሉት ባሮ የደጋውን ዝናብ ሰብስቦ ይወርዳል፤ ከፒቦር ጋራ ሲገናኝ ሶባት ይባላል፤ ሶባትም ከማላካል ከፍ ብሎ ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል። ነጭ ዓባይም ካርቱም ላይ የኛን ዓባይ ያገኘዋል። እንግዲህ ከጎጃም የወረደው ውሃና ከኢሉባቦር የወረደው ውሃ በሀገራቸው ሳይተያዩ ይለያያሉ፤ ብዙ ምድር ዞረውም በሰው ሀገር ይገናኛሉ።

በክረምት ወንዙ ሲሞላ፥ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ድረስ፥ የእንፋሎት መርከብ የጭነት ጀልባዎችን ከጎኑ አስሮ፥ በየመንገዱም እንጨት እየጫነና እየማገደ፥ ከካርቱም ተነሥቶ ጋምቤላ ይደርስ ነበረ። ጨውና ጨርቅ ያራግፋል፤ ቡና፥ ሰምና ቆዳ ይጭናል። ቡናውም ከጎሬና ከሳዮ በበቅሎና በሰው ጀርባ ቁልቁለቱን ይወርድ ነበረ። የመርከቡ ዘመን አቆጣጠር የወንዙ ሙላት ነው፤ ውሃው ሳይጎድል ያልወጣ መርከብ አሸዋ ላይ መቅረቱን ያውቃልና ነጋዴውም መርከበኛውም ዓይናቸው ከወንዙ አይነቀልም ነበረ።

ይህ ሁሉ ነገር በአንድ ቀን አልጠፋም። የምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ የንግዱ ፊት ወደ ምሥራቅ ዞረ። ፋሺስት ኢጣሊያ ሀገራችንን በወረረ ጊዜ ጣቢያው በእጁ ገባ፤ በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ደግሞ ከእንግሊዝና ከቤልጂግ ኮንጎ ወገን የመጣ ጦር አስለቀቀው። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ የኪራዩ ውል ፍጻሜ አገኘ፤ ቦታውም ለባለቤቱ ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ነገር ግን ደጁ በተመለሰልን ዘመን ከደጁ ወዲያ ያለው ሀገር በጦርነት ይታመስ ጀመር፤ መርከቡም እየራቀ ሄደ።

እኔ የተሳፈርሁባት ጀልባ በሞተር የምትሄድ ትንሽ ነበረች። ወሩ ነሐሴ ስለ ሆነ ወንዙ ሞልቶ ቀልቷል። ባለ ጀልባው የኑዌር ተወላጅ፥ አማርኛም የሚያውቅ ጎልማሳ ነው። ስፍራው ሰፊ ሆኖ ሳለ አንድ ጊዜ ወደ ግራ ዳር፥ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ዳር ሲያጥፍ ባየሁ ጊዜ ምክንያቱን ጠየቅሁት። «ጋሼ፥ ዝም ያለው ውሃ ጥልቅ ነው፤ የሚንጫጫው ከሥሩ አሸዋ አለበት» አለኝ። በዳርና በዳር የበቆሎ እርሻ፥ የሣር ጎጆ፥ አንዳንድ ጊዜም በግንድ ታንኳ ቆሞ የሚቀዝፍ ዓሣ አጥማጅ ይታያል።

ስለ ሥራው ስጠይቀው በ2006 ዓ.ም. የሆነውን ነገረኝ። በደቡብ ሱዳን ጦርነት ተነሥቶ ከናስር በኩል ሕዝብ በሸሸ ጊዜ፥ እርሱ ገና ወጣት ሳለ በአጎቱ ጀልባ ሰው ያሻግር ነበረ። «ሒሳብ ትቀበል ነበርን?» አልሁት። ጥቂት ዝም ብሎ «በመጀመሪያው ቀን ጠይቄ ነበር» አለ፤ «ሴትዮዋ የያዘችው ልጇን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ለቤንዚን የሚሰጠኝ ካለ እቀበላለሁ እንጂ አልጠየቅሁም።» ይህን ተናግሮ ወደ ሞተሩ ዞረ፤ እኔም ሌላ ጥያቄ አልጨመርሁም።

ከቀትር በኋላ የባሮ ድልድይ ታየን። ከበታቹ ልጆች ይዋኛሉ፤ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፤ ከበላዩ መኪና ያልፋል። መርከብ የሚጠብቅ ግን የለም። የመጣሁበትን የሚጠይቀኝ ዘብም፥ ዕቃዬን የሚፈትሽ የጉምሩክ ሹምም አላገኘሁም፤ አንዲት ሴት ብቻ ሳሙናዋን ከድንጋዩ ላይ አንሥታ መውጫውን ለቀቀችልኝ።

ያን ማታ የባለ ጀልባው ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። የድሮው ጣቢያ የገባውን ጨውና የወጣውን ቡና በሚዛን ይቆጥር ነበረ። ከአንድ ልጅ በቀር ምንም ሳትይዝ የተሻገረችውን ሴት ግን በምን ሚዛን እንጽፋታለን? እኛ የተማርን ሰዎች ወደብ ሲጠራ ምጽዋንና አሰብን፥ ጅቡቲንም እናስባለን፤ ሸቀጥ የማይገባበትን ደጅ ደጅ አንለውም። በዚህ ደጅ ግን ከሸቀጥ የሚበልጥ ገብቶበታል፤ የተቀበለውም አብዛኛውን ጊዜ ከራሱ የማይተርፈው ደኻ ነው።

መርከቡ ተመልሶ ይመጣ ዘንድ የሚመኙ ሰዎች አሉ፤ ምኞታቸውም መልካም ነው። ነገር ግን የየብስን መንገድ አንድ መንግሥት ብቻውን ሊሠራው ይችላል፤ የወንዝ መንገድ ግን የላዩም የታቹም ሰው በሰላም ካልኖረ አይሄድም። መርከቡ ይነሣባት የነበረችው ካርቱም እንኳ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ራሷ የጦርነት ሜዳ ሆነች። እስከዚያው ድረስ ከእኛ የሚፈለገው ሥራ ትንሽ ነው፤ ደጁን እንደ ጓሮ አለመቍጠር፥ በደጁም የሚኖሩትን አኙዋክና ኑዌር በቋንቋቸው ሰላም ለማለት የሚበቃ ያህል መማር፥ ለተሰደደውም ከድንጋዩ ላይ ዕቃን አንሥቶ መውጫ መልቀቅ ነው።