ሰባት ደረጃ

አያቴ ጭቃ የምታቦካው በእግሯ ነበር። ቀሚሷን እስከ ባቷ ሰብስባ በመቀነቷ ትሸጉጥና ጭድ የተበተነበትን አፈር ትረግጠዋለች፤ ውሃ ይጨመርበታል፤ እንደገና ትረግጠዋለች። የመንደሩ ሴቶች አንድ በአንድ ገብተው አብረዋት ይረግጣሉ፤ ዘፈኑም ይጀመራል። እኛ ዘንድ፣ ዳባት አካባቢ ደጋው ላይ፣ ቤት የሚሠራው እህሉ ተወቅቶ ጭዱ ሲትረፈረፍ በበጋ ነው። ወንዶቹ በደቦ ተጠራርተው ምሰሶውን ይተክላሉ፣ ማገሩን ያስራሉ፣ ጣራውን በሣር ይከድናሉ። ያን ሲጨርሱ ጠላቸውን ይዘው ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። የቀረው የሴት ድርሻ ነው፤ ግድግዳውን መምረግ፣ ወለሉን በእበት መለቅለቅ፣ መደቡን ማበጀት፣ ምድጃውን መጎለት፣ ጎታውን ማቆም። የደጋውን ብርድ የሚከለክለው፣ ሰው የሚቀመጥበትና የሚተኛበት፣ እህል የሚቀመጥበት ሁሉ በሴት እጅ ያለፈ ነው።

“ይህን ቤት ማን ሠራው?” ሲባል ግን የሚጠራው የአናጢው ስም ነበር። እምዬ፣ አያቴን የምጠራት እንደዚያ ነው፣ በዕድሜዋ ስንት ቤት እንደመረገች ቆጥሬ አልዘልቀውም። “ቤት ሠሪ” ብሎ የጠራት ሰው ግን አንድም አልሰማሁም።

የእምዬ ቤት ደጃፍ ከመሬት እኩል ነበር። ጎረቤታችን ዓይነ ስውሩ መሪጌታ በየማለዳው ለቡና ይመጣሉ። በበትራቸው መቃኑን ነካ አድርገው ይገቡና አራት እርምጃ ሄደው መደቡ ላይ ይቀመጣሉ። መሪ አይፈልጉም። ለእሳቸው ተብሎ የተለየ ነገር አልተሠራም፤ ግን ያን መደብ ያበጁት ሴቶች መሪጌታ ነገ እንደሚመጡ ያውቁ ነበር።

ልጅ ሳለሁ ለጥምቀት ወደ ጎንደር እንወርድ ነበር። ከተማው ሊደርስ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀረው አውቶቡሱ ወለቃ ላይ ይቆማል። መንገድ ዳር የቤተ እስራኤል ሴቶች ሸክላቸውን ዘርግተዋል፤ ጀበና፣ ድስት፣ ምጣድ፣ እንስራ፣ ትናንሽ የሸክላ አንበሶች። እምዬ ወርዳ ጀበናውን በጣቷ እያንኳኳች በድምፁ ትመርጣለች። ከመውረዷ በፊት ግን የነጠላዋን ጫፍ ስባ ፊቴን ትሸፍነዋለች። “ዓይናቸው እንዳያርፍብሽ፣ አካሌ” ትለኛለች። ቡዳ ናቸው ይባል ነበር። ነጠላው ስስ ነው፤ በፈትሉ መሃል ሁሉን አያለሁ። አንድ ጊዜ እኔን የምታክል ልጅ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ የአንበሳ ጀርባ በእርጥብ ጣቷ ስታለሰልስ አየኋት። እሷም አየችኝ፤ ወይም ነጠላውን አየችው። ቤት ስንመለስ በዚያ ጀበና ቡና ይፈላል፣ በዚያ ድስት ወጥ ይሠራል። ጀበናውን የፈራ ሰው አላየሁም።

በዚያው ሰሞን ወደ ፋሲል ግቢ ትወስደኛለች። አንድ ቀን ትልቁን ግንብ እያሳየችኝ “አፄ ፋሲል የሠሩት ነው” አለችኝ። “ብቻቸውን?” አልኳት። ስቃ ዝም አለች።

መልሱን ያገኘሁት አድጌ፣ አርክቴክቸር ስማር ነው። እ.ኤ.አ. በ1648 ጎንደር የመጣው የየመን መልእክተኛ የንጉሡን ግንብ የሠራው ህንዳዊ ግንበኛ እንደሆነ ጽፏል። ድንጋዩን ከጠረቡት፣ ከገነቡት፣ እንጨቱን ካነጡትና ብረቱን ከቀጠቀጡት መካከል ደግሞ ቤተ እስራኤላውያን ዋነኞቹ ነበሩ። ከነሱ ውስጥ ለሙያቸው መሬትና እንደ አዛዥ፣ እንደ ባጅሮንድ ያለ ማዕረግ ያገኙ ነበሩ። ከተማዋ ገና ስትቆረቆር በሯ ለሙያ ክፍት ነበር። ነገር ግን ፋሲል ባረፉ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1668፣ በልጃቸው በአፄ ዮሐንስ ዘመን ጎንደር ላይ ጉባኤ ተቀመጠ። ሙስሊሙና ቤተ እስራኤሉ ከክርስቲያኑ ተለይቶ ይኑር ተባለ። ያን ያሳወጁትን ንጉሥ ጻድቁ ዮሐንስ እንላቸዋለን። ካይላ ሜዳ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ካይላ ይባሉ ከነበሩት ከእነዚያው ከግንበኞቹ ወገኖች ነው። ኖራው ድንጋይን ከድንጋይ አጣብቆ እስከ ዛሬ አቁሞታል፤ ኖራውን ያቦኩት ግን ከግንቡ ጥላ እንዲርቁ ተደረገ።

የግቢው ቅጥር 900 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ 12 በር እንዳለው ይነገራል። የዳኞቹ ወንበር በር አለ፤ የመለከተኞቹ እምቢልታ በር አለ፤ ባልደራስ በር አለ፤ የእቴጌዪቱ አገልጋዮች ቋሊ በር አለ። ሰው ሁሉ እንደ ደረጃው ይገባ ነበር። በግንበኞቹ ስም የተጠራ በር ግን አላገኘሁም።

ይህን ሁሉ ተምሬ፣ አዝኜ፣ ተመርቄ ወጣሁ። ከክፍላችን ሴቶቹ ሁለት ነበርን። ግንባታ ቦታ ላይ ባርኔጣ አድርጌ፣ ንድፉን ዘርግቼ ቆሜ ሳለ “ኢንጂነሩ መቼ ነው የሚመጣው?” ብለው ይጠይቁኛል። ከጎኔ በባሬላ ጭቃና ድንጋይ የሚያመላልሱት ሴቶች ናቸው፤ ግንበኛ የሚባሉት ግን ወንዶቹ ብቻ። እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋምን ያሠሩት የዛሬ 300 ዓመት ግድም ነው። በዚህ ምድር ሴት ግንብ ማሳነጽ እንግዳ ነገር አልነበረም ብዬ እጽናና ነበር። ሴት ታሠራለች፤ ሴት ትሸከማለች፤ በሁለቱ መሃል ያለው ቦታ ነው ባዶ የነበረው።

በ1995 ዓ.ም. ከደጋው ከተሞች በአንዱ የሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ እንድነድፍ ሥራ አገኘሁ። የመጀመሪያ ትልቅ ሥራዬ ነበር። የፋሲልን ግርማ ለማምጣት ብዬ መግቢያውን ከፍ አደረግሁት፤ ከፊቱ ሰፊ ደረጃ ሠራሁለት፤ በጥርብ ድንጋይ፣ ሰባት። አንዱ ደረጃ 15 ሳንቲ ሜትር ነው። ሰው ሽቅብ እያየ፣ እየተከበረ ይግባ ብዬ ነበር።

ለምረቃው እምዬን አስመጣኋት። ወገቧ ከተሰበረ ወዲህ በሁለት ዱላ ነበር የምትሄደው። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ቀስ እያለች ግቢውን አቋርጣ ደረጃው ሥር ደረሰች። አንድ ጊዜ ሽቅብ አየች። ሁለት ጎረምሶች “እንሸከምዎት?” ሲሏት “ሬሳ መሰልኳችሁ?” አለቻቸው። ደረጃው ግርጌ የተረፈ ጥርብ ድንጋይ ነበር፤ እሱ ላይ ተቀመጠች። ንግግሩ፣ ጭብጨባው፣ ዳቦ ቆረሳው ሁሉ እላይ አለቀ። ስወርድ እጄን ያዘችና እንዲህ አለችኝ፦

“ደጁን አሳመርሽው፣ አካሌ። እኔን ግን ደጅ አስጠናሽኝ።”

አልተቆጣችም። እንዲያውም ፊቷ ላይ ኩራት ነበር። በእግሯ ጭቃ ረግጣ ደጃፉ ከመሬት እኩል የሆነ ቤት ስትሠራ የኖረች ሴት፣ የልጅ ልጇ በሠራችው ቤት ደጅ ላይ ቀረች። እኔ ደግሞ ስለ ግንበኞቹ የተዘጋ በር እያነበብኩ ሳዝን ከርሜ፣ ለራሴ አያት በር ዘጋሁ።

ማታውን ቁጭ ብዬ አሰላሁ። ሰባት ደረጃ አንድ ሜትር ከአምስት ሳንቲ ሜትር ነው። በዓለም ላይ የተለመደው የተዳፋት ልክ አንድ ለ12 ነው፤ ለአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት። ለሰባቱ ደረጃዎች 12 ሜትር ከ60 እና መሃል ላይ ማረፊያ ይበቃ ነበር። ከግቢው በር እስከ ሕንፃው 30 ሜትር ባዶ መሬት ነበረኝ። መሬቱ አላነሰም፤ ገንዘቡም አላነሰም። ስነድፍ በዓይነ ኅሊናዬ የሚወጣው ሰው ጤነኛ ጎልማሳ ወንድ ስለነበር ነው። እሱን ማን ሥራዬ ውስጥ እንዳስገባው አላውቅም፤ ግን ከትምህርት ቤት ጀምሮ አብሮኝ ነበር።

ሕግ አልነበረም ብዬ ራሴን ላጽናና ሞክሬ ነበር። የሕንፃ አዋጁ፣ ቁጥር 624፣ የወጣው በ2001 ዓ.ም. ነው። አንቀጽ 36 ላይ ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ ብቻ ሳይሆን፣ መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለሚያቅታቸውም ተስማሚ መግቢያ እንዲኖረው አዘዘ። ያን ሳነብ ሁለት ዱላዋን ይዛ የቆመችውን እምዬን አየኋት። ሕግ አውጪዎቹ አያውቋትም፤ ግን ጻፏት። እኔ አውቃት ነበር፤ አልጻፍኳትም። አያቴን ለማስታወስ አዋጅ አያስፈልገኝም ነበር።

አዋጅ ብቻውን እንደማይበቃም አይቻለሁ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አሳውጀው ነበር። የእኔ ፊት ወለቃ ላይ በነጠላ የተሸፈነው ከዚያ 70 ዓመት አልፎ ነው። ዛሬም በየከተማው ለሕንፃ አዋጁ ሲባል የተለጠፉ መወጣጫዎች አያለሁ። አንዱ ሽቅብ እንደ ሊማሊሞ ነው። አንዱ ጫፉ ላይ ሌላ ደረጃ ይጠብቃል። አንዱ ላይ የዘበኛው ሞተር ብስክሌት ቆሟል። የሚመጣውን ሰው ሳያውቁ የተሠሩ ናቸው።

የሚመጣውን ሰው ለማወቅ ደግሞ አጭሩ መንገድ ያ ሰው ራሱ ንድፍ ጠረጴዛው ላይ መቀመጡ ነው። በቡርኪና ፋሶ የጋንዶ መንደር ልጅ ፍራንሲስ ኬሬ ለመንደሩ ትምህርት ቤት ሲሠራ መንደርተኛውን አሰለፈ፤ እዚያም እንደኛ የሸክላ ወለል ጠፍጥፎ ማደላደል የሴቶች ጥበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የፕሪትዝከርን የሥነ ሕንፃ ሽልማት የተቀበለ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። ሽልማቱ ከተጀመረ 25 ዓመት እስኪሞላው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ዛሃ ሃዲድ እስክትቀበለው ድረስ፣ ለሴት ተሰጥቶ አያውቅም ነበር። እኛም ዘንድ አርክቴክት ራሔል ሻውል አለች። ከኔዘርላንድ አርክቴክቶች ጋር የሠራችበት የአዲስ አበባው የኔዘርላንድ ኤምባሲ እ.ኤ.አ. በ2007 የአጋ ካን ሽልማትን አግኝቷል። የእሷን ስም ቀድሜ ሰምቼ ቢሆን ኖሮ፣ “ኢንጂነሩ መቼ ነው የሚመጣው?” ሲሉኝ ቀና ብዬ “መጥታለች” እል ነበር።

በሩ ግን ለእኔ ተከፈተ ማለት ለሁሉ ተከፈተ ማለት አይደለም። ቢሮ የከፈትኩት ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አንድ ቀን ዘበኛው ፖስታ አመጣልኝ። በክራንች የሚሄድ ወጣት አርክቴክት፣ ማስታወቂያ አይቶ የመጣ፣ ማመልከቻውን እታች ትቶ ሄዷል። ሥራዎቹ ጥሩ ነበሩ። የጻፈው ስልክ አልሠራ አለኝ። ዛሬ ቢሮዬ ምድር ላይ ነው። ልጁን ግን እስካሁን አላገኘሁትም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር ሆኖ ለአካል ጉዳተኛ ወጣቶች የትምህርት ዕድል ሲሰጥ ሳይ ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ ተመርቀው የሥራ ማመልከቻ ይዘው የሚቆሙበት ደረጃ ሥር ይታየኛል።

ባለፈው በጋ ወደ ዳባት ስሄድ ወለቃ ላይ ወረድኩ። ቤተ እስራኤላውያኑ የሉም። እ.ኤ.አ. በ1991 በሁለት ቀን ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲወሰድ፣ የዚህ አካባቢ ሰዎችም በዚያና ከዚያ በፊት በነበረው ጉዞ ሄደዋል። አሁን ሸክላውን የሚሠሩት ጎረቤት የነበሩ ሴቶች ናቸው። እኔም እንደ እምዬ ጀበናውን አንኳኳሁ። ያችን አንበሳ ታለሰልስ የነበረች ልጅ አሰብኳት። ያለችበት አገር ሆና በእጇ ቤት ትሠራ ይሆን፣ ልጆቿስ ማን ይባሉ ይሆን? ይቅርታ ልጠይቃት ብፈልግ እንኳ ስሟን አላውቅም። ነጠላው ስም ለመጠየቅ ጊዜ አልሰጠንም።

እምዬ ካረፈች 12 ዓመት ሆናት። ሰባቱ ደረጃዎች አሁንም አሉ። 12 ሜትር ከ60 የሚሆነውን መወጣጫ ነድፌ፣ ማረፊያውን፣ መደገፊያውን፣ የሚፈጀውን ድንጋይ ሳይቀር አስልቼ፣ ክፍያ የማልፈልግ መሆኔን ጽፌ ወስጄላቸዋለሁ። “ይታያል” ተብያለሁ። ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። የሚመለከተው ሰው ስብሰባ ላይ ሲሆን ወርጄ ግርጌ ያለው ጥርብ ድንጋይ ላይ፣ እሷ የተቀመጠችበት ላይ፣ ንድፉን ጭኔ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። የሚወጣውን ሰው አያለሁ፤ ደርሶ የሚመለሰውንም አያለሁ።

ደጅ እየጠናሁ ነው።